28 በመቶው ከየት መጣ? ስለ ሴሉሎስ ኦክሲዴሽን ለቀረበ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን የእንጨትና የጥጥ ዋና ንጥረ ነገር ስለሆነው ስለ ሴሉሎስ ኦክሲዴሽን የተጻፈ አንድ ረዘም ያለ ጽሑፍ አነበብኩ። ፍሬ ነገሩ ባጭሩ ይህ ነው፦ ሴሉሎስ የግሉኮስ ሰንሰለት ስለሆነ ኬሚስትሪውም የስታርች ኬሚስትሪ ነው፤ በእያንዳንዱ ግሉኮስ ላይ ያሉት ሦስቱ ሃይድሮክሲሎችም (ኦክሲዴሽን የሚነካቸው የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ጥምሮች) እኩል ናቸው። ከስታርች የሚለየው ከፊሉ ክሪስታል፣ ማለትም ሰንሰለቶቹ በሥርዓት የተደረደሩበት፣ በመሆኑ ብቻ ነው። ክሪስታሉ ዝግ ስለሆነ ኦክሳይድ የሚሆነው አሞርፈስ የሚባለው ሥርዓተ ቢስ ክፍል ብቻ ነው፤ ስለዚህ የክሪስታሉን መጠን በኤክስሬይ የለካ ሰው ውጤቱን አስቀድሞ ያውቃል። ከዚያ በላይ የፈለገ ጠንከር ያለ ኬሚካል ይጠቀም፤ ሰንሰለቱ እንደሆነ አይበጠስም። ጽሑፉ የተጻፈው በሚጥም አማርኛ ነው። ያሳሰበኝም ይኸው ነው፤ የሚጥም ነገር ቶሎ ይታመናል።

ጸሐፊው ካሉት ውስጥ ትክክል የሆነ አለ፤ ግማሽ እውነት የሆነ አለ፤ ፈጽሞ የተገለበጠም አለ። የእኔን አቋም አስቀድሜ ላስቀምጥ። ሴሉሎስ ውስጥ ያለ ሃይድሮክሲል ሁሉ አይደረስበትም፤ በዚህ ከጸሐፊው ጋር አንድ ነን። የሚደረስበትን ከማይደረስበት የሚለየው ግን ክሪስታል መሆን አለመሆኑ ሳይሆን ገጽ ላይ መሆን አለመሆኑ ነው። አብዛኛው ልዩነታችን ከዚህች ይመነጫል።

ከስታርቹ እንነሳ። ሴሉሎስን ከዕፅዋት ለይቶ ያወጣው ፈረንሳዊው ኬሚስት አንሴልም ፓየን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1838 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። የንጥረ ነገር ስብጥሩ ከስታርች ጋር አንድ መሆኑንም ያስተዋለው ፓየን ራሱ ነበር። ስለዚህ ጸሐፊው ያነሱት መመሳሰል ያረጀና የታወቀ ነው። ነገር ግን ስብጥር ቢመሳሰል ቅርጽ አይመሳሰልም። በስታርች ውስጥ ግሉኮሶቹ የተያያዙት በአልፋ ማያያዣ ነው፤ ሰንሰለቱ ይጠማዘዛል፣ ውሃ ይገባበታል፣ ሲሞቅም ይላላል። በሴሉሎስ ግን ማያያዣው ቤታ ነው። እያንዳንዱ ግሉኮስ ከጎረቤቱ አንጻር 180 ዲግሪ ዞሮ ስለሚቀመጥ ሰንሰለቱ ጠፍጣፋና ቀጥ ያለ ጥብጣብ ይሆናል። ጥብጣቦቹ ጎን ለጎን በሃይድሮጅን ቦንድ ተያይዘው ንጣፍ ይሠራሉ፤ ንጣፎቹም አንዱ በሌላው ላይ ይደረደራሉ። እንጨት ውስጥ ከዚህ ድርድር የሚወጣው ከ3 እስከ 4 ናኖሜትር ብቻ የሚወፍር ደቂቅ ቃጫ ነው። የፈላ ውሃ እንኳን አያሟሟውም። ያቺን የ180 ዲግሪ መዞር አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ በኋላ ታስፈልገናለች።

ሃይድሮክሲሎቹ እኩል ናቸው የሚለው ብዙ አያቆየንም። የግሉኮስ ስድስት ካርቦኖች በቁጥር ይጠራሉ፤ በካርቦን 6 ላይ ያለው ከቀለበቱ ወጣ ባለ ክንድ ጫፍ የተቀመጠ ነው፤ የካርቦን 2 እና የካርቦን 3 ግን ቀለበቱ ላይ ጎን ለጎን ናቸው። የካርቦን 3ቱ ደግሞ በዚያው ሰንሰለት ላይ ካለው ከቀጣዩ ግሉኮስ የቀለበት ኦክስጅን ጋር በሃይድሮጅን ቦንድ ስለታሰረ ከሦስቱ ሰነፉ ብዙውን ጊዜ እሱ ነው። ቴምፖ የሚባለው ውህድ ኦክሳይድ ሲያደርግ የሚሠራው አካሉ በአራት ሜቲሎች የታጠረ ግዙፍ ነገር ስለሆነ የሚቀናው ካርቦን 6 ላይ ነው። ፔርአዮዴት የሚባለው ሌላው ኦክሳይድ አድራጊ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሃይድሮክሲሎች ስለሚፈልግ የካርቦን 2 እና 3ን ትስስር ይሰነጥቃል። የትኛው ካርቦን እንደሚመረጥ የሚወስነው ኬሚካሉ ነው፤ ይህን ያለ ክርክር እቀበላለሁ። ያ ካርቦን በየትኛው ሰንሰለት ላይ ይገኝ የሚለውን የሚወስነው ግን አወቃቀሩ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ጸሐፊው ጠንካራ ማስረጃ አድርገው ያቀረቡት ይህን ነው። የእንጨት ሴሉሎስ በቴምፖ፣ በሶዲየም ብሮማይድና በሶዲየም ሃይፖክሎራይት (በበረኪና) በፒኤች 10 ኦክሳይድ ሲደረግ ካርቦክሲሉ (የካርቦን 6 ሃይድሮክሲል ኦክሳይድ ሲሆን የሚፈጠረው አሲዳማ ጥምር) በግራም 1.7 ሚሊሞል አካባቢ ደርሶ ይቆማል፤ ይህም ከ100 የግሉኮስ ክፍሎች 28 ያህሉ ማለት ነው። የእንጨት ሴሉሎስ አሞርፈስ ክፍልም በኤክስሬይ ሲለካ 30 በመቶ ገደማ ይወጣል። ስለዚህ ኦክሳይድ የሆነው አሞርፈሱ ነው፤ ነገሩ አለቀ ይላሉ።

ስሌታቸው ልክ ነው። አንድ የግሉኮስ ክፍል በሞል 162 ግራም ይመዝናል፤ 1.7 ሚሊሞል በ162 ሲባዛ 0.275 ይሆናል፤ ካርቦክሲሉ የሚጨምረው ክብደት ሲታሰብ 0.28 ላይ ያርፋል። እኔም ወረቀት ላይ ሠርቼው ያው ነው። ጥያቄዬ ይህ 0.28 ከየት መጣ ነው።

የደቂቅ ቃጫውን ቁራጭ ከፊት ለፊት ስናየው 6 በ6 የተደረደሩ 36 ሰንሰለቶች አድርገን እንሳለው። ዳር ላይ ያሉት 20 ናቸው፤ 16ቱ ተከበው ውስጥ ቀርተዋል። ዳር ላይ ባለ በእያንዳንዱ ሰንሰለት ደግሞ አንዱ ካርቦን 6 ወደ ውጭ ሲያይ ቀጣዩ ወደ ውስጥ ያያል፤ የ180 ዲግሪዋ መዞር የምትፈለገው እዚህ ላይ ነው። እንግዲህ ኬሚካሉ የሚደርስበት የ20ው ግማሽ፣ ማለትም የ10 ሰንሰለት ያህል ነው። 10 ለ36 ሲካፈል 0.28 ይሰጣል። የአሞርፈስን ስም ሳናነሳ ጸሐፊው ከቆሙበት ቁጥር ላይ ደረስን።

ይህ ብቻውን ግን አይፈርድም፤ ለእኔም ለእሳቸውም። 36 የሚለው ቁጥር ራሱ ሲያከራክር የኖረ ነው፤ የቅርብ ዓመታት ሥራዎች ወደ 18 ወይም ወደ 24 ሰንሰለት ያዘነብላሉ፤ ሰንሰለቱ ሲያንስ ደግሞ የገጹ ድርሻ ከፍ ይላል። ከኦክሲዴሽኑ በኋላ ክሪስታሉ በኤክስሬይ ሲታይ አለመለወጡንም ማስረጃ አድርጌ አላቀርብም፤ እሱ የሚነግረን የክሪስታሉ ውስጥ አለመነካቱን ብቻ ነው፤ ይህን ደግሞ ሁለታችንም እንላለን። ሁለቱን ሐሳቦች የሚለያይ ሌላ ማስረጃ ያስፈልጋል፤ አለም።

የመጀመሪያው ከቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ የመጣ ነው። አኪራ ኢሶጋይና ፁጉዩኪ ሳይቶ፣ ከዮሺሃሩ ኒሺያማና ከሌሎች ባልደረቦች ጋር ሆነው በ2006 እንዳሳዩት፣ በቴምፖ ኦክሳይድ የሆነ ሴሉሎስ ውሃ ውስጥ በመጠነኛ ኃይል ሲመታ ቃጫዎቹ ተፈልቅቀው አንድ በአንድ ይለያያሉ። ሦስቱ በ2015 የማርከስ ዋለንበርግ ሽልማትን ያገኙትም በዚህ ሥራ ነው። ከእንጨት የሚወጡት ናኖ ቃጫዎች ከ3 እስከ 4 ናኖሜትር ስፋት ኖሯቸው ርዝመታቸው ከዚያ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። እንዲህ የሚለያዩት በየገጻቸው ሙሉ አሉታዊ ቻርጅ የያዘ ካርቦክሲል ተዘርግቶ እርስ በርስ ስለሚገፋፉ ነው። ኦክሲዴሽኑ በየቦታው በተቆራረጡ አሞርፈስ ክፍሎች ብቻ ቢሆን ኖሮ ያ ክፍል ሙሉ በሙሉ ቻርጅ ተሸክሞ ውሃ ውስጥ ይሟሟ ነበር፤ ከክብደቱም ወደ ሲሶ የሚጠጋ በጠፋ፤ ቃጫውም አጫጭር ሆኖ በተበጣጠሰ ነበር። የሚታየው ግን የሚበዛው ክፍል ሳይሟሟ መቅረቱ ነው።

ሁለተኛው ማስረጃ የበለጠ ደስ ይለኛል፤ ቀላልና የማያሻማ ስለሆነ። በ2010 ይኸው ቡድን ኦክሳይድ የሆነውን የተፈጥሮ ሴሉሎስ በጠንካራ ኮስቲክ ሶዳ ነክሮ ገጹን ልጦ አወጣው። የተላጠው ሰንሰለት ሲመረመር ግሉኮስ፣ ግሉኩሮኒክ አሲድ (ካርቦን 6ቱ ካርቦክሲል የሆነ ግሉኮስ)፣ ግሉኮስ፣ ግሉኩሮኒክ አሲድ እያለ አንድ እየዘለለ የሚሄድ ሆኖ ተገኘ። አሞርፈስ የሆነ ሰንሰለት እንዲህ ሊቆጥር አይችልም። ቁጥሩን የያዘለት ክሪስታሉ ነው፤ አንዱን ካርቦን 6 ወደ ውጭ፣ ቀጣዩን ወደ ውስጥ አድርጎ ስላቆመው። በቤተ ሙከራ ከዚህ ቀደም ያልተሠራ እየተፈራረቀ የሚሄድ ፖሊመር የተገኘው በክሪስታሉ ገጽ ታዛዥነት ነው።

ሦስተኛው ለጸሐፊው ከሁሉም የሚከብድ ይመስለኛል። ጆን መርሰር በ1850 ባለቤትነቱን ያስመዘገበው ጥጥን በኮስቲክ ሶዳ የመንከር ዘዴ የሴሉሎስን ክሪስታል ከአንደኛው ዓይነት ወደ ሁለተኛው ይለውጠዋል፤ ሬዮን የተባለው ጨርቅ ሲሠራም የሚገኘው ይኸው ሁለተኛው ዓይነት ነው። በአንደኛው ዓይነት ሰንሰለቶቹ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ይጓዛሉ፤ በሁለተኛው ግን እየተቃረኑ ነው። ሁለቱም ክሪስታል ናቸው፤ በኤክስሬይ ሲታዩ ሁለቱም ጥርት ያለ ምልክት ይሰጣሉ። ሆኖም ኢሶጋይና ካቶ በ1998 እንዳሳዩት ሁለተኛው ዓይነት በዚያው በቴምፖ ብጥብጥ ውስጥ ሲገባ በገጹ ላይ አይቆምም፤ እስከ ውስጥ ዘልቆ ካርቦን 6ቱ ሁሉ ካርቦክሲል ይሆንና ውሃ ውስጥ ይሟሟል። ሞለኪውሉ ያው፣ ኬሚካሉ ያው፣ ፒኤቹ ያው፤ ውጤቱ የሰማይና የምድር ያህል የተራራቀ። ክሪስታል ሁሉ ዝግ ከሆነ ይኸኛው ለምን ተከፈተ? መልሱ ክሪስታል መሆን ብቻውን ምንም አለመወሰኑ ነው። ሰንሰለቶቹ እንዴት እንደተደረደሩ፣ ክሪስታሉ ምን ያህል ትልቅ እንደሆነ፣ የካርቦን 6 ክንድ ወዴት እንደታጠፈና ከማን ጋር እንደታሰረ ነው ጉዳዩ።

ለመሆኑ ያ 30 በመቶ አሞርፈስ የተባለው ራሱ ምንድን ነው? በኤክስሬይ በብዛት የሚሠራበት የሴጋል ዘዴ በ1959 ለጥጥ የወጣ ፈጣን ግምት ነው፤ የሁለት ቦታ ቁመት ወስዶ ያወዳድራል። ናሙናን ከናሙና ለማስተያየት ይበቃል፤ ከሌሎች ዘዴዎች ጋር ሲነጻጸር ግን የክሪስታሉን ድርሻ ከፍ አድርጎ ማሳየቱ የታወቀ ነው። ከዚህ የባሰው ደግሞ 3 ናኖሜትር የሆነ ክሪስታል ትንሽ በመሆኑ ብቻ ምልክቱ መስፋቱና ሥርዓተ ቢስ መስሎ መታየቱ ነው። የአተሞችን አካባቢ በማግኔት በሚለየው በኤንኤምአርም እንዲሁ ነው፤ የካርቦን 4 ምልክት 89 ፒፒኤም አካባቢ ሲወጣ የክሪስታሉ ውስጥ ነው ይባላል፤ 84 አካባቢ የሚወጣው ለረጅም ጊዜ አሞርፈስ ሲባል ቆየ፤ ነገር ግን ገጹ ላይ ያሉት ሰንሰለቶችም እዚያው ላይ ነው የሚወጡት። እንግዲህ ጸሐፊው አሞርፈስ ብለው የቆጠሩት ውስጥ ከፊሉ እኔ ገጽ የምለው ነው። ሁለቱ ቁጥሮች መገጣጠማቸው ለምን እንዳሳሳታቸው ይገባኛል።

ገጹ ላይ ያልወጣውን ሃይድሮክሲል በተመለከተ፣ ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ነው። ወረቀት ላይ እያንዳንዱ የግሉኮስ ክፍል ሦስት ሃይድሮክሲል አለው፤ ቀመሩን ይዞ ኬሚካል የሚመዝን ሰው ግን ለማይደረስበት ጭምር ሃይፖክሎራይት ይገዛል። ትርፉ ሰንሰለቱን ሲበላ ይውላል።

ጠንከር ያለ ኬሚካል ይጠቀሙ የሚለው ምክር ደግሞ ፔርአዮዴትን ነው ምሳሌ ያደረገው። ቴምፖ 28 በመቶ ላይ ሲቆም ፔርአዮዴት እስከ መጨረሻው ስለሚዘልቅ የበለጠ ኃይለኛ ነው ተብሏል። ፔርአዮዴት ግን ኃይለኛ አይደለም። ማላፕራድ በ1928 ካሳየው ጀምሮ የሚታወቀው በመራጭነቱ ነው፤ ጃክሰንና ሀድሰን በ1937 ወደ ሴሉሎስና ወደ ስታርች ያመጡትም ለዚሁ ነው። ሴሉሎስ ላይ ሥራው አዝጋሚ ነው፤ ሰዓታት አንዳንዴም ቀናት ይፈጃል። እስከ ውስጥ መዝለቁ የሚመጣው ከኃይሉ ሳይሆን ትቶት ከሚሄደው ነገር ነው። ቴምፖ ካርቦን 6ን ወደ ካርቦክሲል ሲለውጥ ቀለበቱ እንዳለ ይቀራል፤ ሰንሰለቱ ቦታውን አይለቅም፤ ከሥሩ ያለው ሰንሰለት እንደተሸፈነ ይኖራል። ፔርአዮዴት ግን ቀለበቱን ይሰነጥቀዋል። የተሰነጠቀ ቀለበት ጠፍጣፋ ስላልሆነ በድርድሩ ውስጥ አይገጥምም፤ ድርድሩ ይላላል፤ ከሥር ያለው ይገለጣል፤ ቀጥሎ እሱ ይሰነጠቃል። ስለዚህ በፔርአዮዴት ኦክሲዴሽኑ በጨመረ ቁጥር ክሪስታሉ ይቀንሳል። በ2000 በአልጌ ሴሉሎስ ላይ የታተመ ሥራ እንዳመለከተው ደግሞ ይህ የሚሆነው በእኩል ሳይሆን ደሴት ደሴት እየሠራ ነው፤ አንዱ ቦታ ፈርሶ ሳለ ጎኑ ያለው ገና አልተነካም። እስከ መጨረሻ ከተሄደ በግራም 12.5 ሚሊሞል አልዲሃይድ (የተሰነጠቁት ካርቦኖች የሚሆኑት ጥምር) ይገኛል፤ የሚቀረው ግን የቀድሞው ቃጫ አይደለም።

እግረ መንገዴን፣ ለማፍጠን ብሎ ፔርአዮዴትን ማፍላት ከንቱ ነው። ከ55 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ራሱ መበስበስ ይጀምራል፤ ብርሃን ሲያገኘው ደግሞ ያልተፈለጉ ራዲካሎች ይፈጥራል፤ የሚሠራው በጨለማ ነው። እንደ ሊቲየም ክሎራይድ ያሉ ጨዎች የሃይድሮጅን ቦንዱን አላልተው ሥራውን ያፋጥናሉ፤ እዚህም ላይ የተነካው አወቃቀሩ ነው። በኢንፍራሬድ የአልዲሃይድ ምልክት ስላልታየ ኦክሲዴሽኑ አልሠራም የሚለው የጽሑፉ አንቀጽም መታረም አለበት። አልዲሃይዱ ከውሃና ከጎረቤት ሃይድሮክሲል ጋር ተጣምሮ ስለሚደበቅ ምልክቱ ደካማ ነው፤ ትክክለኛ ቁጥር የሚሰጠው በሃይድሮክሲላሚን ሃይድሮክሎራይድ የሚደረግ ቲትሬሽን ነው።

ከ30 በመቶ በላይ ካርቦን 6ን ኦክሳይድ ማድረግ ቃጫውን ሳያጠፉ አይቻልም ለሚለው ደግሞ ቀዶ ሐኪሞች ምላሽ አላቸው። ያክልና ኬንየን በ1942 ሴሉሎስን በናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ኦክሳይድ አድርገው ጨርቅነቱን ሳይለቅ ካርቦክሲል የበዛበት ነገር አግኝተዋል። ዛሬ በቀዶ ጥገና ወቅት ደም ለማቆም የሚያገለግለውና ሰውነት ውስጥ ሟሙቶ የሚጠፋው ጨርቅ የዚህ ልጅ ነው። የአሜሪካ ፋርማኮፒያ ከክብደቱ ከ16 እስከ 24 በመቶ ካርቦክሲል እንዲሆን ይፈልጋል፤ ካርቦን 6 ሁሉ ቢለወጥ የሚገኘው 25.6 በመቶ ስለሆነ ይህ ከግማሽ በላይ፣ አንዳንዴም ሙሉ ለሙሉ ሊባል የሚችል ነው። ጋዙ ትንሽ ሞለኪውል ነው፤ ወደ ቃጫው ይሰርጋል። እርግጥ ሰንሰለቱ ያጥራል፤ ለደም ማቆሚያ ግን ይህ ጉዳት አይደለም፤ ሟሙቶ እንዲጠፋ ነው የሚፈለገው።

ይህ ወደ ሰንሰለቱ መበጠስ ያመጣናል። ጸሐፊው ግሉኮስን ከግሉኮስ የሚያያይዘው ኦክስጅን ኦክሳይድ የሚሆን ቦታ ስላይደለ ሰንሰለቱ አይበጠስም ብለዋል። ኬሚካሉ በቀጥታ አይቆርጠውም፤ እውነት ነው። ነገር ግን ካርቦን 2፣ 3 ወይም 6 ላይ ካርቦኒል (ካርቦንና ኦክስጅን በድርብ ትስስር የተያያዙበት ጥምር፤ አልዲሃይድም አንዱ ነው) በተፈጠረ ጊዜ፣ ብጥብጡ አልካላይ ከሆነ፣ ከካርቦኒሉ ሁለተኛ ቤት ላይ ያለው ማያያዣ ይለቃል። ቤታ ኤሊሚኔሽን ይባላል። ቴምፖ በፒኤች 10 ሲሠራ ካርቦን 6 ወደ ካርቦክሲል ከመድረሱ በፊት አልዲሃይድ ሆኖ ያልፋል፤ ለዚያች ጊዜ ሰንሰለቱ አደጋ ላይ ነው። ሰንሰለቱ ከሺህ በላይ ግሉኮስ የነበረው የእንጨት ሴሉሎስ ወደ ጥቂት መቶዎች ሲወርድ የሚታየው አንድም በዚህ ነው። ከ2009 ወዲህ ብሮማይዱን በሶዲየም ክሎራይት ተክቶ ከገለልተኛ ወይም ከቀለል ያለ አሲዳማ ፒኤች ላይ የሚሠራው ዘዴ የወጣው ለዚሁ ነው፤ ክሎራይቱ አልዲሃይዱን ወዲያው ወደ ካርቦክሲል ስለሚያሻግረው ሰንሰለቱ በእጅጉ ይተርፋል፤ ዋጋው መዘግየት ነው።

ጸሐፊው የሰንሰለቱን ርዝመት በመዳብ ኤቲሊንዳያሚን ብጥብጥ ለክተው መቀነሱን አይተው ቢሆን ኖሮስ? እዚያም ወጥመድ አለ። ብጥብጡ ራሱ ጠንካራ አልካላይ ስለሆነ ካርቦኒል ያለበትን ሰንሰለት በመለኪያው ዕቃ ውስጥ ይበጥሰዋል። ናሙናው አስቀድሞ ካርቦኒሉን በሚያጠፋው በሶዲየም ቦሮሃይድራይድ ካልታከመ የሚለካው የኦክሲዴሽኑ ጉዳት ከመለኪያው ጉዳት ጋር ተደባልቆ ነው።

በረኪናን በተመለከተ ፒኤቹን ወደ 7 ማውረድ ረጋ ያደርገዋል የተባለው ግልብጥ ነው። ሃይፖክሎረስ አሲድና ሃይፖክሎራይት አብረው የሚገኙት በዚያ አካባቢ ነው፤ ሴሉሎስ ከሁሉ በላይ የሚጎዳውም እዚያው ነው። ፋብሪካዎች ከ9 እስከ 11 ባለው የሚይዙት ያለ ምክንያት አይደለም።

የቀረው የማድረቅ ምክር ነው፤ ትንሽ ቢመስልም ብዙ ሙከራ የሚያበላሸው ይኸኛው ነው። ጸሐፊው ክብደቱ በትክክል እንዲታወቅ ፐልፑን (ከእንጨት የተለየውን የቃጫ ድልህ) ከኦክሲዴሽን በፊት በ105 ዲግሪ ማድረቅን ይመክራሉ። ከእንጨት የወጣ ደርቆ የማያውቅ ፐልፕ ውስጥ ደቂቅ ቃጫዎቹን ውሃ ለያይቷቸዋል። ውሃው ሲወጣ ገጽ ከገጽ ይጣበቃል፤ መልሶ በውሃ ቢነከርም ሁሉም አይከፈትም። ክሪስታሉ በኤክስሬይ ሲለካ ብዙም ላይለወጥ ይችላል፤ የሚደረስበት ገጽ ግን ቀንሷል፤ ካርቦክሲሉም በዚያው ልክ ያንሳል፣ ቃጫውም ለመለያየት ያስቸግራል። ክብደቱን ማወቅ ለሚፈልግ ከዚያው ፐልፕ ጥቂት ቆንጥሮ ለብቻው ማድረቅና የውሃውን መጠን ማስላት ይበቃል፤ ወደ ብጥብጡ የሚገባው ግን እርጥብ እንደሆነ ይቆይ።